አዲሱ ጨዋታ ለእርስዎ አጫዋወት ይስማማልን?



በቅሎ በገበያ መካከል ስትታይ ሁልጊዜ ሠጋር ናት፤ እውነተኛ ጠባይዋ የሚታወቀው ዳገት ላይ ነው። በጠረጴዛ ዙሪያ የምንጫወተው አዲስ ጨዋታም እንደዚሁ ነው። ሽፋኑ ሲያምር፣ ሥዕሉ ሲያንጸባርቅ፣ በሌላ ከተማ ያሉ ወዳጆች «ግሩም ነው» ሲሉ የማይማረክ ሰው የለም። ነገር ግን ጨዋታውን ለሌሎች የሚመራው ሰው፣ ማለት አጫዋቹ፣ ከመማረኩ በፊት ራሱን አንድ ነገር ሊጠይቅ ይገባዋል። ይኸውም «ይህ ጨዋታ ጥሩ ነውን?» የሚለው ሳይሆን «ይህ ጨዋታ ለእኔ አጫዋወት ይስማማልን?» የሚለው ነው። ሁለቱ ጥያቄዎች ወንድማማች ይመስላሉ እንጂ መልሳቸው ብዙ ጊዜ የተለያየ ነው።

ለጨዋታ ይህን ያህል ክብደት መስጠት ለምን ያስፈልጋል የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። ይህን ዓምድ ከሚያነቡት ተማሪዎችና አዲስ ተቀጣሪ የመንግሥት ሠራተኞች መካከል ብዙዎቹ ከተወለዱበት አገር ርቀው በምደባ የሚኖሩ ናቸው። እኔ የማስተምርበት ሺሺንዳ ከቦንጋ ወደ ሚዛን በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች ትንሽ የካፋ ከተማ ናት። ዝናቡ ረዥም ነው፤ ከሥራ በኋላ መሄጃው ጥቂት ነው፤ መብራት በጠፋበት ማታ የስልኩም ባትሪ ያልቃል። እንዲህ ባለው ቦታ አምስት ሰዎች ቅዳሜ ማታ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ መሰብሰባቸው ቀላል ነገር አይደለም። አንዱ የወላይታ ልጅ፣ አንዷ የጎጃም ልጅ፣ አንዱ የዚሁ የካፋ ተወላጅ ሆነው፣ ከዚያ በፊት ከእግዜር ሰላምታ ያላለፉ ሰዎች በጨዋታው ምክንያት ይተዋወቃሉ። የማይስማማ ጨዋታ ሲመጣ ግን ነገሩ ይበላሻል። ሁለት ቅዳሜ የሰለቸው ሰው በሦስተኛው «ሥራ በዝቶብኛል» ይላል፤ በአራተኛው ወንበሩ ባዶ ይሆናል። ስለዚህ ጨዋታ መምረጥ ማለት ወዳጆችን አንድ ላይ ማቆየት ማለት ነው።

ነገሩን ላልሰሙት አንባቢያን በአጭሩ እናስረዳ። የሚና ጨዋታ በሚባለው ውስጥ እያንዳንዱ ተጫዋች አንድ ገጸ ባሕርይ ይይዛል፤ አንዱ ነጋዴ፣ አንዱ አዳኝ፣ አንዷ ሐኪም ትሆናለች። አጫዋቹ ያሉበትን ሁኔታ ይነግራቸዋል፦ «ወንዙ ሞልቷል፤ ድልድዩ ተሰብሯል፤ ከማዶ ሰው ይጣራል። ምን ታደርጋላችሁ?» ተጫዋቾቹ በገጸ ባሕርያቸው አፍ ይመልሳሉ። የሚሞክሩት ነገር መሳካቱ አጠራጣሪ ሲሆን በየጎኑ ቁጥር ያለበት ዳይስ ይጣላል፤ ከዚያም አጫዋቹ የሆነውን ይናገራል። እንደ ገበጣ አንዱ አሸንፎ ሌላው የሚሸነፍበት አይደለም፤ ታሪኩ በሁሉም አፍ እየተነገረ ይሄዳል።

የአጫዋች ሥራ የጀመረው በወታደሮች ዘንድ ነው ለማለት ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ1824 ሬይስቪትስ የተባለ የፕሩሲያ መኮንን መኮንኖች የሚሠለጥኑበትን የጦርነት ጨዋታ ደንብ አሳተመ። ሁለት ወገኖች በካርታ ላይ ይዋጋሉ፤ በመካከላቸውም የሁለቱን ትእዛዝ ተቀብሎ ውጤቱን የሚናገር ዳኛ ይቀመጣል። ደንቡ ግን እጅግ የበዛና የከበደ ስለ ሆነ ቅሬታ ተነሣ። እ.ኤ.አ. በ1876 ፌርዲ ዱ ቬርኗ የተባለ ሌላ መኮንን ደንቡ ቀርቶ ፍርዱ ለዳኛው ዕውቀትና ማስተዋል ይተው ሲል ጻፈ። «ደንቡ ይወስን» እና «ዳኛው ይወስን» የሚለው ክርክር እስከ ዛሬ አልተቋጨም። እ.ኤ.አ. በ1974 ጌሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን የተባሉ አሜሪካውያን «ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ» የተባለውን ጨዋታ ባሳተሙ ጊዜ ያ የጦር ዳኛ ተረት ነጋሪም ሆነ። ከዚያ ወዲህ የወጡት ጨዋታዎች ብዙ ናቸው፤ ሁሉም ግን ለዚያ ለአሮጌው ክርክር የየራሳቸውን መልስ ይሰጣሉ።

ለእኛ ነገሩ ፈጽሞ እንግዳ አይደለም። ልጆች ዕቃ ዕቃ ሲጫወቱ አንዷ እናት፣ አንዱ አባት፣ አንዱም ከሩቅ የመጣ እንግዳ ይሆናል። በእንቆቅልህ ጨዋታ መልሱ የጠፋበት ልጅ አገር ይሰጣል፤ ጠያቂውም የተሰጠው አገር ካልጣመው ሌላ እስኪጨመርለት ይከራከራል። በቀድሞው ዘመን በበላ ልበልሃ ሙግት ተሟጋቾቹ በንግግር ውበትና በነገር ብልሃት ይፋለሙ ነበር፤ ዳኛውም አንዳንድ ጊዜ በመንገድ ሲያልፍ «ዳኘን» ተብሎ የተያዘ መንገደኛ ነበር። ያ መንገደኛ በእጁ የተጻፈ ሕግ አልነበረውም፤ የነበሩት ጆሮውና ማስተዋሉ ናቸው። ከዛሬ አጫዋቾችም አንዳንዱ መጽሐፍ ገልጦ የሚፈርድ ዳኛ ነው፤ አንዳንዱም እንደዚያ መንገደኛ ሰምቶ የሚፈርድ ነው።

እንግዲህ እርስዎ የትኛው ነዎት? እንደ እኔ አስተያየት አጫዋች በአራት ይከፈላል።

ባለ ደንቡ አጫዋች ሕጉን ጠንቅቆ ያውቃል፤ ለሁሉም እኩል ይፈርዳል፤ ተጫዋቾቹ «አዳላህ» አይሉትም። ችግሩ መጽሐፉ ዝም ባለበት ቦታ እርሱም ዝም ማለቱ ነው።

ባለ ዕቅዱ አጫዋች ከቅዳሜ በፊት ሦስት ማታ ደብተር ይዞ ይቀመጣል። ካርታ ይሥላል፤ ምስጢር ይደብቃል፤ የእያንዳንዱን ሰው ስምና ዘመድ ይጽፋል። ተጫዋቾቹ ባሰበላቸው መንገድ ሲሄዱ ደስታው ወሰን የለውም፤ ከመንገዱ ሲወጡ ግን ልቡ ይሰበራል።

ባለ ተረቱ አጫዋች ድምፁን ለውጦ ሽማግሌም ጅብም መሆን ይችላል። ሰዎች ምግባቸውን ረስተው ይሰሙታል። ነገር ግን ራሱ ብዙ ከመናገሩ የተነሣ ተጫዋቾቹ ተመልካቾች ሆነው እንዳይቀሩ ያስፈራል።

ባለ ጆሮው አጫዋች እምብዛም አይዘጋጅም። ተጫዋቾቹን ሰምቶ ከተናገሩት ላይ ነገር ይሠራል፤ ማታው ወዴት እንደሚሄድ እርሱም አያውቀውም። ተጫዋቾቹ ዝምተኞች የሆኑ ዕለት ግን የሚይዘው የሚጨብጠው ያጣል።

ከአራቱ አንዱ ከሌላው አይበልጥም፤ አብዛኛውም ሰው የሁለቱ ቅልቅል ነው። ራስዎን ለማወቅ ካለፉት ማታዎች በጣም ደስ ያለዎትን ያስታውሱና «በዚያ ሰዓት እጄ ላይ ምን ነበረ?» ብለው ይጠይቁ። መጽሐፍ ነበረን? ደብተር ነበረን? ወይስ ምንም አልነበረም? ከዚህ በፊት አጫውተው የማያውቁ ከሆነ ደግሞ የዕለት ሥራዎን ይመልከቱ። የትምህርት ዕቅዱን እስከ ደቂቃው ድረስ የሚጽፍ መምህር፣ ቃለ ጉባኤውን ሳያጣራ የማይፈርም ጸሐፊ፣ ባለ ጉዳዩን አስቀምጦ ታሪኩን ከሥሩ የሚሰማ የጽሕፈት ቤት ሠራተኛ፣ ማታ ጠረጴዛው ላይ ሲቀመጥ ያው ሰው ነው።

አሁን ወደ ዳገቱ እንምጣ። የማናቸውም ጨዋታ ዳገት ተጫዋቾቹ አጫዋቹ ያላሰበውን ነገር የሚያደርጉበት ሰዓት ነው። አንድ ምሳሌ እናቅርብ። በደን ውስጥ ካለች መንደር፣ በረዣዥም ዛፎች ላይ ከተሰቀሉት ቀፎዎች ማሩ ተሰርቋል እንበል። አጫዋቹ የሌቦቹን ዱካ፣ የሚሸሹበትን ወንዝና በወንዙ ዳር የሚደረገውን ፍልሚያ አዘጋጅቶ መጥቷል። ተጫዋቾቹ ግን እርስ በርሳቸው ተያይተው «ሽማግሌ እንልክባቸዋለን» ይላሉ! በአገራችን ጠረጴዛ ይህ የማይቀር ነገር ነው። ታርቆ ማደርን ከልጅነቱ ያየ ሰው ሰይፍ ከመምዘዙ በፊት ሽምግልናን ያስባል። እንግዲህ በዚያች ደቂቃ አዲሱ ጨዋታ ለአጫዋቹ ምን ያቀብለዋል? ይህን ለማወቅ መጽሐፉን ከመግዛትዎ፣ ወይም ወዳጆችዎን ከመጥራትዎ በፊት አምስት ጥያቄዎችን ይጠይቁ።

አንደኛው ጥያቄ፤ የመጽሐፉ ክብደት የት ላይ ነው? ማውጫውን ገልጠው ገጾቹን ይቁጠሩ። በ«ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ» ውስጥ አብዛኛው ገጽ ስለ ውጊያ፣ ስለ አስማትና ስለ አውሬ ነው። ለሽምግልናው የሚሰጥዎ በአመዛኙ አንድ የዳይስ ውርወራ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 በወጣው አምስተኛው እትም አጫዋቹ የነገሩን ክብደት በቁጥር ይወስናል፤ ለቀላል 10፣ ለመካከለኛ 15፣ ለከባድ 20። ተጫዋቹ ሃያ ጎን ያለውን ዳይስ ጥሎ የችሎታውን ጭማሪ ይደምራል። ጭማሪው 3፣ የሚፈለገውም 15 ቢሆን፣ ዳይሱ 12 ወይም ከዚያ በላይ ማሳየት አለበት፤ ይህም ከሃያ ዘጠኝ ዕድል ነው። ከዚያ ያለፈውን፣ የሽማግሌዎቹን ንግግር፣ የሌቦቹን ምክንያት፣ የካሣውን መጠን፣ አጫዋቹ ከራሱ ያመጣዋል። ባለ ተረት ወይም ባለ ጆሮ ለሆነ ሰው ይህ ነጻነት ነው። ባለ ደንቡ ግን በውጊያው ላይ ጌታ ሆኖ በዕርቁ ላይ ድሀ ይሆናል።

ሁለተኛው ጥያቄ፤ ዳይሱ ሲወድቅ ሥራው በማን ላይ ይወድቃል? እ.ኤ.አ. በ2010 ቪንሰንት ቤከርና ሜጌ ቤከር ያወጡትን «አፖካሊፕስ ወርልድ» እንመልከት። በዚህ ጨዋታ አጫዋቹ ዳይስ አይጥልም፤ የሚጥሉት ተጫዋቾች ብቻ ናቸው። ሁለት ባለ ስድስት ጎን ዳይሶች ተጥለው ይደመራሉ። ድምሩ 10 ወይም ከዚያ በላይ ቢሆን ነገሩ ይሳካል፤ ከ7 እስከ 9 ቢሆን ይሳካል፣ ነገር ግን ዋጋ ያስከፍላል ወይም ይጎድላል፤ 6 ወይም ከዚያ በታች ቢሆን አጫዋቹ ነገሩን ያከብደዋል። ሁለት ዳይስ በ36 ዓይነት መንገድ ይወድቃል። ጭማሪ ሳይኖር በ6ቱ መንገድ ሙሉ በሙሉ ይሳካል፤ በ15ቱ በዋጋ ይሳካል፤ በ15ቱ ይከሽፋል። ማለት ከ36ቱ በ30ው አጫዋቹ እዚያው ተቀምጦ አዲስ ነገር ማሰብ ይኖርበታል። ሽማግሌው ሄዶ ሌቦቹ ዕርቁን ተቀበሉ፤ ነገር ግን ከሽማግሌዎቹ አንዱ በመያዣነት እንዲቀር ጠየቁ! ባለ ጆሮው አጫዋች ይህን ሲያገኝ በደስታ እጁን ያፋትጋል። ባለ ዕቅዱ ግን ማታውን ሙሉ ሲያልበው ያድራል፤ ጨዋታው ታሪኩን አስቀድሞ እንዳያዘጋጅ ይመክረዋልና።

ሦስተኛው ጥያቄ፤ ከቅዳሜ በፊት ስንት ሰዓት ይፈጃል? እ.ኤ.አ. በ1981 ሳንዲ ፒተርሰን ያዘጋጀው «ኮል ኦቭ ክቱሉ» የሚያስፈራ ምስጢር የሚመረመርበት ጨዋታ ነው። ደንቡን ለማስረዳት ቀላል ነው። ችሎታ በመቶኛ ይጻፋል፤ የመመርመር ችሎታው 60 የሆነ ሰው ከ1 እስከ 100 ካለው ቁጥር 60 ወይም ከዚያ በታች ከወጣለት ይሳካለታል። ይሁን እንጂ ምስጢር ያለ ዝግጅት አይኖርም። ማሩን ማን ወሰደው? ለምን? ማን አየ? ማስረጃው የት ወደቀ? ይህ ሁሉ አስቀድሞ ታስቦ ማደር አለበት። ለባለ ዕቅዱ ይህ ሥራ ራሱ ጨዋታ ነው። ሽማግሌ ቢላክም አይደነግጥም፤ ሌቦቹ ለሽማግሌው የሚናገሩትን እርሱ ያውቀዋልና። ነገር ግን የፈተና ወረቀት የሚያርም መምህር፣ የበጀት መዝጊያ የደረሰበት የሒሳብ ሠራተኛ፣ ማትሪክ የቀረበበት ተማሪ፣ በሳምንት ስድስት ሰዓት ከየት ያመጣል? ፈቃድ አለኝ ከማለት በፊት ጊዜ አለኝን ማለት ይበጃል።

አራተኛው ጥያቄ፤ የመጨረሻው ቃል የማን ነው? አንዳንዱ ጨዋታ ፍርዱን ሁሉ ለአጫዋቹ ይሰጣል፤ አንዳንዱም ለጠረጴዛው ያካፍላል። አጫዋች ጨርሶ የማያስፈልጋቸውም አሉ። እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣው የጄሰን ሞርኒንግስታር «ፊያስኮ» አጫዋች የለውም፤ ተጫዋቾቹ በየተራ ትዕይንቱን ያቆማሉ። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው የኤቨሪ አልደር «ዘ ኳየት ይር» ደግሞ በተራ የመጫወቻ ካርታ ይከናወናል። 52ቱ ካርታዎች የዓመቱ 52 ሳምንታት ናቸው፤ ተጫዋቾቹ ካርታ እየሳቡ የአንዲትን መንደር ኑሮ በወረቀት ላይ ይሥላሉ። ዘወትር የሚያጫውት ሰው ከደከመው ይህ ዕረፍት ነው። መምራት የሚወድ ሰው ግን ሥልጣኑን ሲያካፍል ሊከፋው ይችላልና ራሱን አስቀድሞ ይመርምር።

አምስተኛው ጥያቄ፤ ጨዋታው የሚሸልመው ምንን ነው? እንቆቅልህ ነገር ማወቅን ይሸልማል፤ ሽልማቱም አገር ነው። ጭራቅ በመግደል ነጥብ የሚሰጥ ጨዋታ ተጫዋቾቹን ቀስ በቀስ ወደ መግደል ይመራቸዋል፤ ሽማግሌ ልከው ምንም ነጥብ ካላገኙ በሚቀጥለው ጊዜ ሽማግሌ አይልኩም። ይህ ነገር ታሪኩን በአገራችን ምድር ላይ ለማድረግ ሲያስቡ ይበልጥ ያሳስባል። የካፋ ምድር ለታሪክ የሚሆን ሀብት ሞልቶታል። የዱር ቡና የሚበቅልበት ደኑ እ.ኤ.አ. በ2010 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ክልል ሆኖ ተመዝግቧል። ንጉሡ «ታቶ» ይባል የነበረው የካፋ መንግሥት ድንበሩን በጥልቅ ጉድጓድና በበር እየጠበቀ ኖሮ፣ የመጨረሻው ታቶ ጋኪ ሸሮቾ እ.ኤ.አ. በ1897 ተማረከ። ጉድጓዱ፣ በሩ፣ ደኑና መልእክተኛው ለጨዋታ የተፈጠሩ ይመስላሉ። ሆኖም ይህ ታሪክ ከጠረጴዛው ዙሪያ ከተቀመጡት የአንዱ ቅድመ አያት ታሪክ ነው፤ የሌላው ቅድመ አያት ደግሞ ከጉድጓዱ ማዶ ቆሞ የነበረ ሊሆን ይችላል። መግደልን በሚሸልም ጨዋታ ይህን ታሪክ ማጫወት አዲሶቹን ወዳጆች ማጋጨት ነው። የእርስዎ አጫዋወት የአገሩን ታሪክ የሚወድ ከሆነ፣ መደራደርንና መመርመርን የሚሸልም ጨዋታ ይምረጡ፤ አለዚያም ስሙ በካርታ ላይ የሌለ አገር ይፍጠሩ።

ከአምስቱ ጥያቄዎች በኋላ የእኛን ኑሮ የሚመለከቱ ሁለት ነገሮች አሉ። የመጀመሪያው ገንዘብ ነው። ከውጭ የሚመጣ መጽሐፍ ለጀማሪ ሠራተኛ ደመወዝ ከባድ ነው፤ ስለዚህ በነጻ ከሚገኙት መጀመር ብልህነት ነው። የ«ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ» አምስተኛ እትም መሠረታዊ ደንብ እ.ኤ.አ. በ2023 ማንም እንዲጠቀምበት በነጻ ፈቃድ ተለቋል። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው የሾን ቶምኪን «አይረንስዎርን»ም በነጻ ይገኛል፤ ይልቁንም ብቻውን ለሚኖር ሰው ያለ አጫዋች ሊጫወቱት መቻሉ ጥቅም አለው። ሃያ ጎን ያለው ዳይስ በየሱቁ ባይገኝ አይጨነቁ። በሃያ ቁራጭ ወረቀት ከ1 እስከ 20 ጽፈው፣ እኩል አጣጥፈው በጣሳ ያኑሩና እየነቀነቁ ያውጡ። ያወጡትን ወረቀት ግን ሁልጊዜ ወደ ጣሳው ይመልሱ፤ 20 ቁጥር አንድ ጊዜ ወጥቶ ካልተመለሰ ማታውን ሙሉ የሚያገኘው የለምና።

ሁለተኛው ቋንቋ ነው። ደንቦቹ በብዛት የተጻፉት በእንግሊዝኛ ስለ ሆነ የእኛ አጫዋች አስተርጓሚም ነው። ከዚህ የተነሣ አንድ ጥሩ መፈተኛ አለ። መጽሐፉን ዘግተው፣ ጨዋታውን ለማያውቅ ሰው፣ ለቤት አከራይዎ እንኳ ይሁን፣ ዋናውን ደንብ በአማርኛ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ያስረዱ። ሰውየው «ገባኝ፤ እኔ ብሆን እንዲህ አደርግ ነበር» ካለ ጨዋታው በእጅዎ ገብቷል። በየመካከሉ «ቆይ፣ እዚህ ላይ ደግሞ ሌላ ሕግ አለ» የሚሉ ከሆነ ግን ወይ ጨዋታው ለእርስዎ አይደለም፣ ወይ ገና ጊዜው አልደረሰም።

ይህ ሁሉ ሆኖ ጨዋታው ተስፋ የሚሰጥ ከመሰለዎት ለስድስት ወር ወዳጆችዎን አያስምሉ። አንድ ማታ ብቻ ይጠይቋቸው። ገጸ ባሕርያቱን አስቀድመው ያዘጋጁላቸው፤ ታሪኩ በሁለት ሰዓት የሚያልቅ ይሁን፤ በመካከሉም ሆን ብለው ዳገት ያስገቡ። ማለት ሦስት ወይም አራት መውጫ ያለው ችግር ያቅርቡና የትኛውን እንደሚመርጡ ሳይገፋፉ ይጠብቁ። ሽማግሌ ቢልኩ መልካም፤ ቢዋጉ መልካም፤ ማሩን ራሳቸው ሰርቀው ቢሸሹም መልካም። በዚያች ሰዓት ራስዎን ይታዘቡ። መጽሐፉን የገለጡት ረዳት ፍለጋ ነውን ወይስ መሸሸጊያ ፍለጋ? ተጫዋቾቹስ ዓይናቸው በእርስዎ ላይ ነበርን፣ እርስ በርሳቸው ይተያዩ ነበርን፣ ወይስ በስልካቸው ላይ ነበር?

ሲጨርሱ ቡናው እስኪፈላ ድረስ ሦስት ነገር ይጠይቋቸው፦ የቱ ጊዜ ደስ አላችሁ? የቱ ጊዜ ረዘመባችሁ? ገጸ ባሕርያችሁ ሊያደርግ ፈልጎ ደንቡ የከለከለው ነገር ነበርን? በአገራችን ልማድ ለደከመልን ሰው ፊት ለፊት «አልወደድነውም» ማለት ነውር ስለ ሚመስል «ጥሩ ነው» የሚለውን መልስ ብቻ አይመኑ። ረዘመብን ያሉበትን ይያዙ፤ እውነቱ ያለው ብዙ ጊዜ እዚያ ነው።

ፍርዱም አራት ዓይነት ሊሆን ይችላል። ከተስማማ ይቀጥሉ። ጥቂት ከጎደለው ያስተካክሉት፤ ለሽምግልና ደንብ ከሌለው በጠረጴዛው ስምምነት አንድ ደንብ ይጨመርለት፤ ሽማግሌ ልኮ ያስታረቀም እንደ ተዋጋው ነጥብ ያግኝ። ነገር ግን የሚጨምሩት ከሚቀበሉት ከበለጠ ሌላ ጨዋታ መፈለግ ይቀላል። ሦስተኛው ጨዋታው መልካም ሆኖ ለእርስዎ ካልተስማማ ለሌላ ሰው መስጠት ነው። በየጠረጴዛው ጥግ ላይ ተቀምጣ፣ ጥቂት ተናግራ፣ የተነገረውን ሁሉ የምታስታውስ አንዲት ልጅ አትጠፋም፤ ለእርስዎ የከበደው ጨዋታ ለእርሷ የተሰፋ ልብስ ሊሆን ይችላል። አራተኛው መተው ነው። መተው ውርደት አይደለም፤ ያ ጨዋታ ሌላ ቦታ፣ በሌላ አጫዋች እጅ፣ ሌሎች ሰዎችን ያስደስታል።

እርስዎ ግን በየሳምንቱ ያለዎት ቅዳሜ አንድ ብቻ ነው፤ በዝናብ ጭቃ ረግጠው ወደ ቤትዎ የሚመጡት ሰዎችም ቁጥራቸው የታወቀ ነው። እነርሱ የሚመጡት ለመጽሐፉ ሽፋን አይደለም፤ እርስዎ ሲያጫውቱ ደስ ስለሚላቸው ነው። እንግዲህ የሚመጣው ቅዳሜ ሳይደርስ ያንን አዲስ ጨዋታ ያንሡና ማውጫውን ይግለጡ፤ «ሽማግሌ እንላክ» ብለው ይጠይቁትና ምን እንደሚመልስልዎ ይስሙ።